መብራቱን የበላሁት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ አልተናገርኩም። ለእናቴ አልተናገርኩም። የሆዷን ሁሉ ለምታጫውተኝ የትምህርት ቤት ጓደኛዬም ትንፍሽ አላልኩም። ለእርስዎ የምነግርዎት ስለማያውቁኝ ነው። እርስዎ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ አግኝተውኝ ፊትዎን አያዞሩብኝም፤ እኔም እርስዎን ሳይ መንገድ አልቀይርም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሁለት ክረምት ያዝኩት። ሆዴ አልፈጀውም።

አስቀድሜ ላስጠንቅቅዎት። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ሙግት ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነው። ራሴን መከላከል ከጀመርኩ እርስዎንም አሳምኜ፣ ከንፈር አስመጥጬ ልሸኝዎት እችላለሁ። ስለዚህ ሰበብ ስደረድር ካገኙኝ አይመኑኝ። ራሴን ስንት ጊዜ እንዳሳመንኳት እኔ ነኝ የማውቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ትምህርት ተመርቄ እናቴ ቤት ተመልሼ ተቀመጥኩ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ወንድምም እህትም የለኝም። ሥራ ፈልጌ አጣሁ። ወደ ሱቅ ስወጣ «ሥራ ያዝሽ?» ከሱቅ ስመለስ «እስካሁን አልያዝሽም?» ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሰላምታው ነው። እኔ ግን ከቤት መውጣት ተውኩ። ጠዋት ጠዋት የሚኒባሱ ረዳት «ደብረ ብርሃን! ደብረ ብርሃን!» እያለ ሲጣራ አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማለሁ፤ መኪናው ሞልቶ ሲሄድ ብርድ ልብሴን እከናነባለሁ። አንድ ቀን በዚያ መኪና ሄጄ እንደማልመለስ ለራሴ እነግራት ነበር።

የምሄድበትን ገንዘብ ከየት እንደማገኝ ያየሁት በስልኬ ነው። ክሪፕቶ ማይን ማድረግ ይሉታል። ኮምፒውተሩ የማያልቅ ሒሳብ ሲሠራ ይውላል፣ ያድራል፤ ለድካሙ የዲጂታል ገንዘብ ፍርፋሪ ይጠራቀምለታል። አንድ ጌም ቤት ሲዘጋ ይህን ሒሳብ የሚችል ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ሊሸጥ መሆኑን ሰማሁ። እናቴን «ለሥራዬ ነው» ስላት ሁለት በግ ሸጠች። ምን ዓይነት ሥራ ብላ አልጠየቀችም። ልጇ ተምራለች፣ አለቀ።

መጀመሪያ የጫንኩት ፕሮግራም ጥቁር መስኮት ብቻ ነበር፤ ትእዛዙን በጽሑፍ ካልሰጡት አይንቀሳቀስም፣ አንዲት ነጥብ ከሳቱ ስህተት ብሎ ይዘጋል። ከእሱ ጋር ስታገል ከርሜ በኋላ ሥዕልና ቁልፍ ያለው ሌላ ፕሮግራም አገኘሁ። ይሄኛው ለማንም አይከብድም። ገንዘቡ የሚገባበትን የዋሌት አድራሻዬን ለጠፍኩበት፣ ግራፊክስ ካርዴን ከዝርዝሩ መረጥኩ፣ «ጀምር» የሚለውን አረንጓዴ ቁልፍ ተጫንኩ። የኮምፒውተሩ ጸረ ቫይረስ ግን ፕሮግራሙን እንደ ሌባ ቆጥሮ እየደመሰሰ አስቸገረኝ፤ እመልሰዋለሁ፣ ይደመስሰዋል። በመጨረሻ ይሄን አትንካ ብዬ አዘዝኩትና ዝም አለ። ማራገቢያው ማጓራት ጀመረ። መስኮቱ ላይ አንድ አረንጓዴ መስመር ቀስ እያለ መሙላት ያዘ። ያ መስመር እስኪሞላ ድረስ የተጠራቀመው ገንዘብ አይወጣም፤ ካቆምኩ እዚያው ይቀራል። ዛሬ ሳስበው የታሰርኩት ያን ቁልፍ ስጫን ነው።

አሁን ወደ መብራቱ ልምጣ። ቤታችን የራሱ ቆጣሪ የለውም። በግቢያችን ቆጣሪ ያላቸው ጋሼ ተፈራ ብቻ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። ከእሳቸው ቆጣሪ ለእኛና ለእትዬ ዘነበች ሽቦ ተስቦልናል። ቆጣሪው የካርድ ነው፤ ሲያልቅ ሦስት ቤት አዋጥተን እናስሞላለን። እትዬ ዘነበች ጫጩት ያሳድጋሉ። የአንድ ቀን ጫጩት ከደብረ ብርሃን በካርቶን ያመጡና ላባ እስኪያወጣ በቀይ የሙቀት አምፖል አቆይተው፣ ሲጠነክር ይሸጣሉ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ መተዳደሪያቸው ይኸው ነው። ስለ አምፖሉም ገና ሲያስገቡት ተናግረው፣ ከእኛ ይልቅ ጨምረው ያዋጡ ነበር። ምድጃ ግን ማንም እንዳይሰካ ሦስቱም ቤት ተስማምቷል። እኔ ምድጃ አልሰካሁም። ኮምፒውተር ነው የሰካሁት፤ ጋሼ ተፈራንም አስፈቅጄያለሁ። እሳቸው እንደ ቴሌቪዥን መሰላቸው። እንደ ቴሌቪዥን እንዳልሆነ እኔ አውቅ ነበር።

ክፍሌ ሞቀ። የመንዝን ብርድ ካላወቁት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይገባዎትም። በውርጭ ጉልበቷን ይዛ ስታቃስት የኖረችው እናቴ የበግ ፀጉሯንና እንዝርቷን ይዛ ክፍሌ ገብታ መፍተል ጀመረች። «ምነው ቀደም ብለሽ በተማርሽ!» ትለኛለች እየሳቀች። እናቴ እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ዘመን ሆኖኝ ነበር። ኮምፒውተሩን ላጥፋው ስል እሷን አያለሁ፤ ቀጥዬ መስመሩን አያለሁ፤ ትንሽ ነው የቀረው። እተወዋለሁ።

ካርዱ ቶሎ ቶሎ ማለቅ ጀመረ። ገና ከመሞላቱ ቆጣሪው ይጮሃል፣ ከዚያ ሦስቱም ቤት ድርግም ይላል። ጋሼ ተፈራ መጀመሪያ ቆጣሪውን ጠረጠሩ፤ ባለሙያ አምጥተው አሳዩ፣ ደህና ነው ተባለ። ከዚያ ሰው መጠርጠር መጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በራችን ላይ ቆመው ጠሩኝ። «ነይ እስቲ ልጄ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ። መብራቱን የሚበላውን ነገር ለይልን» አሉኝ።

እዚህ ጋ ልብ ይበሉ። ያን ጊዜ «እኔ ነኝ» ብል ምን ይመጣብኝ ነበር? ጋሼ ተፈራ ይቆጡኝ ነበር። እናቴ ታፍር ነበር። የበላሁትን ቀስ ብዬ እከፍል ነበር። በቃ፤ ከዚህ የሚያልፍ ነገር አልነበረም። እኔ ግን ዓይኔን በጨው ታጥቤ ሽቦውን እየተከተልኩ መመርመር ጀመርኩ። የጋሼ ተፈራን ቤት አየሁ። የእትዬ ዘነበችን ቤት አየሁ። የአንቺንም ክፍል እንይ ያለኝ ሰው የለም፤ መርማሪዋ እኔ ነበርኩ። ጫጩቶቹ ክፍል ገብቼ ቀዩ አምፖል ሥር ቆምኩ። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ እንደ አስተማሪ ረጋ ብዬ፣ «ሙቀት የሚያወጣ ነገር ሁሉ መብራት ይበላል» አልኩ።

ይኸው ነው ያልኩት። ሐሰት አለበት? የለበትም። እሳቸው ናቸው አልኩ? አላልኩም። ጣቴን ቀሰርኩ? አልቀሰርኩም። በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ለራሴ ጥብቅና ቆምኩ መሰልዎት! ነገር ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያልኩት እኔ ነኝ። አምፖሉ ሥር ቆሜ፣ የራሴ ማራገቢያ በግድግዳው ማዶ እያጓራ፣ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰውን በሐሰት የሚቀብር ሰው ቢያንስ ሐሰተኛ መሆኑን ያውቃል። እኔ በእውነት ነው የቀበርኳቸው።

እትዬ ዘነበች «ይሄ አምፖል እኮ ካርዱ ደህና በሚቆይበት ጊዜም ነበረ» አሉ። ጋሼ ተፈራ «እንግዲያው የደበቅሽው ምድጃ አለ» አሏቸው። ቤታቸው ተፈተሸ፤ ምድጃ አልተገኘም። አለመገኘቱም ተቆጠረባቸው፤ ቀድማ አሽሽታዋለች ተባለ። እኒህ ሴት አባቴ የሞተ ጊዜ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን ከእናቴ ጋር የሰነበቱ ናቸው። እኔም ፈተና በደረሰብኝ ቁጥር እንቁላል ቀቅለው «ብዪ፣ ጭንቅላት ባዶውን አይሠራም» እያሉ አብልተውኛል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ማስረጃ ሲታጣለት በመሐላ ይለያል። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ ይምላል፤ መማል የፈራ በደለኛው እሱ ነው። የሦስታችንም ቤት ንስሐ አባት መምሬ ኃይሉ «ለመብራት ታቦት አይጠራም፣ ተዉ» ብለው ነበር። ጋሼ ተፈራ እንቢ አሉ። ለእኛ ቤት የምትምለው እናቴ ሆነች። ነጠላዋን አጣፍታ ከወጣች በኋላ መለስ አለችና «የኛ ቤት ንጹሕ ነው አይደል፣ ልጄ?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ፣ ንጹሕ ነው» አልኳት።

እስካሁን የነገርኩዎትን ቢረሱት ግድ የለም። ኃጢአቴ ይሄ ነው። ያቺን ሴት፣ ዕድሜዋን ሙሉ የእግዚአብሔርን ስም ስትፈራ የኖረችውን፣ በገዛ አፌ ገፍቼ ታቦቱ ፊት በሐሰት አቆምኳት። አብሬያት ሄድኩ። መንገዱ ድንጋይ ስለሆነ ክንዷን ይዤ ነበር የምደግፋት።

ጋሼ ተፈራ ማሉ። እናቴ እጇን በመቃኑ ላይ አድርጋ፣ ከተስማማነው ውጭ መብራት የሚበላ ነገር በቤቴ ካለ ታቦቱ ይፍረድብኝ ብላ ማለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እትዬ ዘነበች ተራቸው ሲደርስ ቆሙና «በእኛ ቤት ለእውነትም ቢሆን አይማልም፤ አባቴ ሲሞቱ ያስያዙኝ ቃል ነው» አሉ። ሰው አጉረመረመ። መምሬ ኃይሉ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። «ልጄ፣ አንቺ የምታውቂው ነገር አለ?» አሉኝ። መሬት መሬቱን እያየሁ «የለም አባቴ» አልኩ። እንግዲህ ለማን ልናዘዝ? ንስሐዬን የሚሰሙኝ እሳቸው ናቸው፤ የዋሸሁትም እሳቸውን ነው።

በማግስቱ የእትዬ ዘነበች ሽቦ ተቆረጠ። እኔም በዚያው ቀን ፕሮግራሙን አጠፋሁ። ተጸጽቼ እንዳይመስልዎት። ካርዱ አሁንም ቶሎ ካለቀ ይነቃብኛል ብዬ ነው። ካርዱ እንደ ድሮው ረጅም ጊዜ ቆየ፤ ጋሼ ተፈራም «አያችሁ?» አሉ። ማቆሜ ራሱ መሰከረባቸው። አረንጓዴው መስመር ሳይሞላ ቀረ፤ የተጠራቀመችው ፍርፋሪ እስከ ዛሬ እዚያው አለች፣ ለእኔም ለማንም አትወጣም።

እትዬ ዘነበች ጫጩቶቹን በከሰል ሊያሞቁ ሞከሩ። የውርጭ ሰሞን ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ጠዋት በመስኮቴ አየኋቸው። ጫጩቶቹን በካርቶን አውጥተው ደጃፋቸው ላይ አፍሰዋቸዋል። አልጮሁም፣ ማንንም አልረገሙም። ቁጢጥ ብለው እያንዳንዷን እያነሱ እግሯን ይነካካሉ፤ የምትንቀሳቀስ ካለች ብለው ነው። እኔ መጋረጃውን ይዤ ቆምኩ። አልወጣሁም። ሳይሰነብቱ ዕቃቸውን አስጭነው ሞላሌ እህታቸው ዘንድ ሄዱ፤ የመብራት ሌባ የሚለው ስም ቀድሟቸው ደረሰ።

ከዚያ ወዲያ እንኳ ለምን አልተናገርኩም? ይህን ይጠይቁኛል ብዬ ስፈራ ነበር። የእናቴ ወንድም በድንበር ጉዳይ ምሎ ነበር። ሳያውቅ፣ እውነት መስሎት ነው የማለው። ዓመት ሳይሞላው ሞተ፤ ልጆቹም ተከታትለው አለቁ። እናቴ ይህን ስታወራ «ታቦቱን ሳላውቅ ነው ብትዪው አይሰማሽም» ትላለች። መምሬ ሳታውቂ የማልሽው አይያዝብሽም ቢሏት እጃቸውን ትሳማለች እንጂ አታምናቸውም። እውነቱን ከሰማች ከዚያች ቀን ጀምሮ እህል አይወርድላትም። አየሁት እኮ! ክፍሌ በቀዘቀዘ ሰሞን እንዝርቷን እንደያዘች «ምነው ሙቀቱ ጠፋ?» ስትለኝ «ኮምፒውተሩ ተበላሸ» አልኳት። «መብራት በልቶ ነበር እንዴ የሚሞቀው?» አለች ፈጠን ብላ። ፊቷ ወዲያው አመድ መሰለ። «የለም፣ የራሱ ባትሪ አለው» አልኳት። እፎይ ብላ ፈትሏን ቀጠለች። የት ልሂድ? ያ ሚኒባስ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ይጣራል። እውነቱን ለጎረቤት ተናግሬ እናቴን ጥያት ልሂድ፣ በስተኋላዬ ሰው ነግሯት ብቻዋን እንድትሰማው?

ባለፈው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል እናቴ ጠራችኝ። ቂም ይዞ ጾም የለም። «ሞላሌ ሂጂና ለዘነበች ይቅር ብዬሻለሁ በያት። ችግር ነው እንጂ እሷ ሌባ አልነበረችም» አለችኝና በሶ ቋጥራ ሰጠችኝ። የበደልኳቸውን ሴት፣ ይቅር ተብለዋል ልላቸው ሄድኩ። ከዚህ የባሰ ድፍረት ሰምተው ያውቃሉ?

ገበያው ውስጥ ሽንኩርት ዘርግተው አገኘኋቸው። ጠቁረዋል፣ ከስተዋል። እየቀረብኩ ሳለ አንዲት ሴት ከእሳቸው ሽንኩርት ገዝታ፣ እዚያው ዓይናቸው እያየ ከጎናቸው ያለው ነጋዴ ሚዛን ላይ ደግማ አስመዘነች። እሳቸው ቀና አላሉም። መልእክቱን ስነግራቸው በሶውን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ግራና ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጫጩቶቼ አምፖሉን እየተዉ የእናንተን ግድግዳ ተደግፈው ይተኙ ነበር» አሉኝ። «ምን አግኝተው ነው ብዬ እጄን ሳሳርፍበት ይሞቃል።»

የኮምፒውተሩን ጀርባ ወደዚያ ግድግዳ አዙሬው ነበር። ሽቦው በተቆረጠ ቀን እኔ ፕሮግራሙን ሳጠፋ፣ የቀረቻቸውንም ሙቀት ነው የነሳኋቸው። ይህን እስከዚያች ሰዓት አስቤው አላውቅም።

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልተናገሩም?» አልኳቸው።

«ልናገር ነበር። እናትሽ ቀድመውኝ ማሉ። ከማሉ በኋላ ምን ልበል? መሐላ እንዴት እንደሚፈሩ እኔ አጣሁት?»

ሽንኩርቱ ላይ ተደፍቼ እግራቸውን ያዝኩ። ሰው ያያል ብለው በክንዴ አነሱኝ። ዛሬውኑ ሄጄ እናገራለሁ አልኳቸው። «እናትሽ በሕይወት እያሉ አንዲት ቃል እንዳትናገሪ» አሉኝ። «እሳቸውን ገድለሽ እኔን አታስነሺኝም። ሲያልፉ፣ ሕዝቡ ቅዳሴ ወጥቶ ሳይበተን፣ እዚያው በር ላይ ቆመሽ ትናገሪያለሽ። እስከዚያ እችለዋለሁ።» ቃል አስገቡኝ። አላስማሉኝም።

ስመለስ የተፈታሁ መስሎኝ ነበር። ቀኑ ተቆርጦልኛል፣ እናገራለሁ፣ ይወጣልኛል አልኩ። ቀኑ ግን እናቴ የምትሞትበት ቀን ነው። ይህ ነገር በሰው ልብ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ያስቡት። በዚህ ክረምት ታመመች። ሻይ አፍልቼ እወስድላታለሁ፣ ጀርባዋን አሻታለሁ፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ እሰጣታለሁ፤ ጎረቤቱ እንደ እሷ ያለ ልጅ ይስጠን ይላል። አንድ ቀን ሳሏ ሲበረታባት ጎኗ ተቀምጬ ምን ሳስብ እንደነበር ልንገርዎት? በዚያ በር ላይ ቆሜ የምናገረውን ቃል በቃል እያዘጋጀሁ ነበር። የትኛውን ነጠላ እንደምለብስ ሁሉ አስቤያለሁ። እሷ ትንፋሽ አጥሯት እጄን ይዛለች።

ሲሻላት ደግሞ እትዬ ዘነበች ሽንኩርታቸው ፊት አንገታቸውን ደፍተው ይታዩኛል። እናቴ እስካለች እሳቸው ሌባ ናቸው። የእሳቸው ስም እንዲጸዳ እናቴ መሞት አለባት። ሁለቱን ሴቶች እንዲህ አንድ ላይ ያሰርኳቸው እኔ ነኝ። ለየትኛዋ ልጸልይ?

ትናንት መምሬ ኃይሉ ሊጠይቋት መጡ። ጋሼ ተፈራም ነበሩ። መምሬ ጸሎት አድርሰው መስቀላቸውን አሳለሟትና «እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝምልሽ» አሉ። ጋሼ ተፈራ አሜን አሉ። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አሜን አለ። እኔ አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ አልወጣ አለኝ። እናቴ ከትራሷ ቀና ብላ አየችኝ። «አሜን በይ እንጂ፣ ልጄ» አለችኝ።

አልኩ። መምሬ ፊቴን አይተው ማስታመሙ ያደከመኝ መሰላቸው። «አይዞሽ» አሉኝ።

እርስዎ አይዞሽ እንዳይሉኝ። እግዚአብሔር ይፍታሽም እንዳይሉኝ። ሲያነጋግርዎት የቆየው የእናቱን ሞት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ነው። አሁን ሳሏ ተነሥቷል። ሻይዋን ልውሰድላት።